ልዋጭ የወሰደው ካፖርት

እኛ ቤት የማይነሳ አንድ ርዕስ አለ። ፖለቲካ አይደለም፤ ፖለቲካማ እራት ላይ ሳይቀር ይነሳል። የማይነሳው ርዕስ ካፖርት ነው።

ካፖርቱ የአያታችን ነበር። ግራጫ ሱፍ፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ፣ አራት ትልልቅ ቁልፍ ያለው። አያታችን በ1957 ዓ.ም. አስተማሪ ሆነው ሲቀጠሩ ደሞዛቸውን አጠራቅመው ፒያሳ ያሰፉት ነው። አንገቱ ውስጥ የሰፊው ስም የተጠለፈባት፣ ጣት የምታህል ጨርቅ ነበረችበት። ከአያታችን ወደ እናታችን ተላለፈ። ከእናታችን ደግሞ ወደ ቁም ሳጥኑ ጥግ። ለእንቁጣጣሽ ቤት ስናጸዳ እኛ ሁለት እህትማማቾች ያገኘነው እዚያው ጥግ ነው።

በዚያው ሰዓት ከበር ላይ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ካፖርቱን፣ ሁለት ሹራብና አንድ የአባታችንን ሱሪ ሰጥተን አንድ ትልቅ ሳፋና ሁለት ጆግ ተቀበልን። ያውም ተከራክረን! ሴትየዋ በአንድ ጆግ ልትሸኘን ነበር፤ ሁለተኛውን ያስጨመርነው እኛ ነን። እንዴት እንደኮራን!

እናታችን ማታ መጣች። አልጮኸችም። ሳፋውን አየችው፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። «ኪሱን አይታችሁታል?» አለችን። አላየነውም። ከዚያ ወዲህ ስለ ካፖርቱ እኛ ቤት ተወርቶ አያውቅም። ሳፋው ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ልብስ ባጠብንበት ቁጥር ያየናል።

ዛሬ ልናወራው ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይመስለንም።

አሮጌ እና ቪንቴጅ

በአማርኛ ዕድሜ የጠገበ ልብስ ሁሉ «አሮጌ» ነው። አሮጌ ደግሞ ወይ ለሠራተኛ ይሰጣል፣ ወይ ወለል ይወለወልበታል፣ ወይ ልዋጭ ይወጣል። ፈረንጆቹ ግን አሮጌውን ለሁለት ከፍለውታል፦ ያረጀና ቪንቴጅ። ቃሉ የመጣው ከወይን ጠጅ ነው፤ ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት መጥሪያ ነበር። የልብስ ነጋዴዎች በልማድ 20 ዓመት የሞላውን ልብስ ቪንቴጅ፣ 100 ዓመት ያለፈውን አንቲክ ይሉታል። በዚህ ስሌት እኛ ራሳችን ቪንቴጅ ሆነናል ማለት ነው (አትሳቁ)።

የሚያወጣውን ዋጋ ደግሞ ስሙ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ በ«ዓ.ም.» ካልተጻፉ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ የልደት መዝሙር ስትዘፍን የለበሰችው፣ ዣን ሉዊ የሠራው ቀሚስ በ1999 ጨረታ ላይ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በ2016 ያው ቀሚስ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ኦድሪ ሄፕበርን በ1961ዱ ፊልም ዝነኛ ካደረገችው የዢቮንሺ ጥቁር ቀሚስ አንዱ በ2006 ለንደን ላይ 467,200 ፓውንድ አወጣ። ልዕልት ዳያና በሞተችበት ዓመት፣ በ1997 ሰኔ ላይ፣ 79 ቀሚሶቿን ኒው ዮርክ ውስጥ አጫርታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለበጎ አድራጎት አስገኝታለች።

«እሱማ የታዋቂ ሰው ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ሌላ እንጨምር። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከተተወ የማዕድን ጉድጓድ የወጣ፣ የ1880ዎቹ የሊቫይስ ጂንስ በጨረታ 76 ሺህ ዶላር ተሸጧል። የለበሰው ሰው ስሙ አይታወቅም። ጉድጓድ ውስጥ በሻማ ብርሃን ይሠራ ስለነበር የሻማው ሰም ጨርቁ ላይ እንደተንጠባጠበ ነው። ሰሙን ያጠበው የለም፤ ማንም ገዢም ቢሆን አያጥበውም!

ዋጋው ከየት ይመጣል?

የሰብሳቢዎቹን ነገር አገላብጠን ስናየው ዋጋው ሦስት እግር አለው። አንደኛው የሠራው ሰው ነው፦ ማን ቀደደው፣ ማን ሰፋው፣ በእጅ ነው ወይስ በፋብሪካ። ሁለተኛው ይዞታው ነው፦ ብል በልቶታል፣ ብብቱ በላብ ነድዷል፣ ቁልፉ ተቀይሯል ወይስ እንደነበረ አለ። ሦስተኛው ታሪኩ ነው፦ ማን ለበሰው፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፤ ለዚህስ ምን ማስረጃ አለ።

ሦስተኛውን ስናነብ ትንሽ አፈርን። ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀናል። ዓመታት ሙሉ «ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን?» ሲባልልን ከርመናል። ያንን ካፖርት ግን አንድም ጥያቄ ሳንጠይቀው በር ላይ አስረከብነው። ከሦስቱ እግር ሁለቱ እጃችን ላይ ነበሩ፤ የሰፊው ስም አንገቱ ላይ፣ የባለቤቷ ልጅ ደግሞ እኛው ቤት ውስጥ። እኛ ያየነው የሳፋውን ስፋት ብቻ ነው። አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ፤ በእኛ ደርሶ እንደ ፕላስቲክ ተቆጠረ።

ሰልባጅ ውስጥ ያለው ትምህርት

አንዲት ጓደኛችን አለች፣ በየሳምንቱ ሰልባጅ የምታገላብጥ። ቦንዳ ሲፈታ ከፊት የምትቆም ዓይነት ናት። እኛ ቀለሙንና ልኩን ስናይ እሷ ልብሱን ትገለብጥና ውስጡን ታነባለች። ያስተማረችንን እናካፍላችሁ፤ ቁም ሳጥናችሁንም ለማንበብ ይጠቅማችኋል።

የሊቫይስ ሱሪ ኪስ ላይ ያለችውን ቀይ ቁራጭ እዩ። ከ1971 በፊት የድርጅቱ ስም ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ነበር የሚጻፈው፤ ከዚያ ወዲህ «ኢ»ዋ ትንሽ ሆናለች። በአንዲት ፊደል የተነሳ የሱሪው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይለያያል። የአሜሪካ ሴቶች ልብስ ላይ የልብስ ሰፊዎቹ የሠራተኛ ማኅበር ምልክት ካገኛችሁ፣ ልብሱ ማኅበሩ ከሌላው ጋር ከተዋሐደበት ከ1995 በፊት የተሰፋ ነው። «እንዲህ እጠበው» የሚለው ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው በ1972 ስለሆነ፣ እሱ የሌለበት ልብስ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሱፍ ክር ጥቅልል የሚመስለው ምልክት የወጣው በ1964 ነው። የሻኔል ጃኬት ደግሞ ጫፉ ላይ፣ በገበሩ በኩል፣ ቀጭን ሰንሰለት ተሰፍቶበታል፤ ለጌጥ ሳይሆን ጃኬቱ ተስተካክሎ እንዲወርድ ነው።

አንድ ምልክት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የታዋቂ ድርጅት ስም ያለበትን ጨርቅ ፈትቶ ሌላ ልብስ ላይ መስፋት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ ጓደኛችን ስሙን የምታነበው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ስፌቱን፣ ገበሩን፣ ዚፑን፣ የቁልፉን ቀዳዳ ታያለች። «ስሙ ይዋሻል፣ ስፌቱ ግን አይችልም» ትላለች።

እሺ፣ ቅንጦት አይደለም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አናልፈውም። ሰልባጅ ለአብዛኛው ሰው ቪንቴጅ አይደለም፤ ልብስ ነው። ክረምት ሲገባ ለልጇ ጃኬት የምትፈልግ እናት ስለ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ግድ የላትም። እኛ ደህና ደህናውን ለቅመን «ቪንቴጅ» የሚል ስም ሰጥተን በአራት እጥፍ ስንሸጠው፣ ለእሷ የሚቀረው ትርፍራፊው ነው። ይህን ስናደርግ «አካባቢ እየጠበቅን ነው» ብለን ራሳችንን ባናሞግስ ደስ ይለናል። በዚያ ላይ ልባሽ ጨርቅ አገራችን ውስጥ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው፤ የሚገባው በኮንትሮባንድ ነው። የምንወደው ጃኬት የአገር ውስጥ ልብስ ሰፊን ገበያ እየተሻማ መሆኑን እያወቅን ነው የምንለብሰው።

ይህን ሁሉ እንቀበላለን። የልዋጯ ሴትም ጥፋት የለባትም። ተሸክማ የምትዞረው ሳፋ የራሷ ገንዘብ ነው፤ የሰጠናትን ተቀበለች። የሰጠነውን ያላወቅነው እኛ ነን።

ክርክራችን ስለዚህ «ውድ ልብስ ግዙ» አይደለም። የእኛ ትውልድ ነገር ገርሞን ነው። በሌላ አገር ሴት አያት ቁም ሳጥን የቆየውን ካፖርት ከቦንዳ ውስጥ ተጋፍተን እናወጣለን፣ ፎቶ እንነሳበታለን፣ ዓመቱን እንመራመራለን። የራሳችንን አያት ካፖርት በጆግ እንሸኛለን። የአንዱ ልብስ «ታሪክ ያለው» ሆኖ የሌላው «አሮጌ» የሆነው በምን ሚዛን ነው? መልሱ ደስ አይልም፦ አንዱ ላይ ፈረንጅ ዋጋ ጽፎበታል።

ለንደን ያለው ቀሚስ

ሚዛኑ ስንት እንደሚያስከፍል ለማየት ጨረታ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል፣ በጥልፍ የተሠራ የጥጥ ቀሚስ አለ። እቴጌይቱ የዓፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት ናቸው። በ1868 መቅደላ ከወደቀች በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። ቀሚሱ ግን ባሕር ተሻገረ። በ2018 ሙዚየሙ የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ዕቃዎቹን ሲያሳይ ቀሚሱም ለእይታ ቀርቦ ነበር።

የተወሰደበትን መንገድ ማንም ደህና ነው አይለንም፤ ቦታውም እዚያ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የወሰዱት ሰዎች እንኳ ጨርቅ ብለው አልጣሉትም። የማን እንደሆነ ጻፉበት፣ ከብልና ከብርሃን ጠበቁት። እኛ እንዲመለስ የምንጠይቀው ልብሱ ስሙንና ታሪኩን እንደያዘ ስላለ ነው። ስሙ ያልተጻፈ ልብስ ይመለስ ተብሎ አይጠየቅም።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሠላሳ ዓመት በፊት የሠራው ጥበብ ዛሬ በየቤቱ ሻንጣ ውስጥ አለ። ማን ሸመነው? ለማን ሠርግ? ጥለቱስ ስም ነበረው? የሚያውቁት ሰዎች አሁን በሕይወት አሉ። ሁሌም ግን አይኖሩም።

ሙዚየም እስኪሠራልን አንጠብቅ። ከመስጠታችሁ በፊት ልብሱን ገልብጡት። ውስጡን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የማን እንደነበር፣ መቼና የት እንደተሰፋ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና ኪሱ ውስጥ ክተቱት። በፌስታል አታፍኑት፤ በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልሉት፣ እጥፋቱን በየጊዜው ቀያይሩት። የሚለበስ ከሆነ ልበሱት። (ኪም ካርዳሺያን በ2022 የሞንሮን ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ የዓለም የሙዚየሞች ምክር ቤት ታሪካዊ ልብስ በማንም መለበስ የለበትም ብሏል፤ የእናታችሁ ጃኬት ግን ካልለበሳችሁት የሚበላው ብል ነው።) የማይፈለግ ከሆነ ደግሞ ስጡት፤ ለሚበርደው መስጠት ከሁሉ ይበልጣል። ብቻ አውቃችሁ ስጡ።

አዎ፣ ኪሱ። ባለፈው እንቁጣጣሽ ድፍረት አግኝተን እናታችንን ጠየቅናት። «ምን ነበር ውስጡ?» አልናት። ቡና እየቀዳች ነበር፤ ጀበናውን አስቀመጠች።

«የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት» አለች። «እማማ ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት ስትሄድ የቆረጠችው። ካፖርቱን ለብሳው ነበር።»

ሌላ ምንም አላለችም። ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችልን። እኛም ጎንበስ ብለን ጠጣን።