የጮቄ ጎዳና ለማን እንጀራ ይሆናል?

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ጮቄ የሚያቀና እግረኛ ጎብኚ የሚጠብቀው የተራራ ውበት ብቻ አይደለም። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከዚህ የውኃ ማማ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ጀደብ፣ ሱሃና ሌሎችም ወንዞች ይፈልቃሉ፤ ውኃቸውም ዓባይን ይመግባል። ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው የዝናቡን ውኃ አቅበው ለምንጮች ያቀብላሉ። ይሁን እንጂ የገብስና የድንች ማሳ ዳገቱን እየወጣ፣ ጓሳውም እየሳሳ፣ አፈሩ ከጎርፍ ጋር ይወርዳል።

አንዳንድ ወገኖች ለዚህ ጥፋት ገበሬውን ይወቅሳሉ። ይህ አመለካከት ከሥር መሠረቱ የተሳሳተ ነው። ገበሬው ተዳፋቱን የሚያርሰው መሬት ስለጠበበው እንጂ ተራራውን ስለጠላ አይደለም። ስለሆነም መሠረታዊው ጥያቄ፣ ተራራው ሳይታረስ ነዋሪውን እንዴት ይመግብ የሚለው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄን ኢኮ መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ መመደቡ ይታወሳል። ዳሩ ግን ሽልማት በራሱ እንጀራ አይሆንም። አንድ የተራራ ጉዞ የብዙ እጆች ሥራ ነው፤ መንገድ መሪው ይመራል፣ ባለበቅሎው ይጭናል፣ ምግብ አብሳዩ ያበስላል፣ ባለቤቷ እንግዳ ታሳድራለች። ጉዞው በከተማ ተዋውሎ፣ ዋጋውም በደላላ እጅ ተቆርጦ ካለቀ፣ ለእነዚህ እጆች የሚደርሰው ፍርፋሪ ብቻ ነው።

የስሜን ተራሮች ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣውም በ2017 ነው። በዚህ መካከል የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የዘገየ ጥበቃ በመጨረሻ የሚያስከፍለው ነዋሪውን ነው። በሌላ በኩል የደባርቅ መንገድ መሪዎች በማኅበር መደራጀታቸው፣ የተደራጀ ሠራተኛ ድርሻውን በጋራ ሊጠይቅ እንደሚችል ያሳያል።

እርግጥ የጎብኚ ገንዘብ ዝናብ እንደሚጠብቅ እርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገደኛውን አስቀርቷል። ስለዚህ ቱሪዝም የሞፈርና የቀንበር ደጋፊ እንጂ ምትክ ሊሆን አይገባም። ገበሬው በሬውን ሸጦ እንግዳ እንዲጠብቅ የሚመክር ሁሉ መካሪው አይደለም።

ነገር ግን ጎዳናው ጭር ያለበት ጊዜ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ አይደለም። እንግዳ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ለቀደመ ሰው ያደላል፤ ዛሬ የሚጻፍ ደንብ ግን ለሁሉም እኩል ነው። የጎጃም ገበሬ በወንፈል ተራ መጠበቅን፣ በዕድር መዋጮን በአግባቡ መያዝን ከማንም አልተማረም። ይህንኑ ልምድ ወደ ተራራው ጎዳና ያሻግረው። የበቅሎ ተራ በመዝገብ ይያዝ፤ የቀን ዋጋ በአደባባይ ይለጠፍ፤ እንግዳ አሳዳሪ እናቶች ገንዘባቸውን በእጃቸው ይቀበሉ፤ ከገቢውም የተወሰነው ድርሻ ተዳፋቱን ከማረስ ለተቆጠበው ገበሬ ይመደብ። የደብረ ማርቆስ የሆቴልና የትራንስፖርት ሠራተኞችም እንግዳውን ለደላላ ሳይሆን ለማኅበሩ ያስረክቡ።

ጓሳው የሚተርፈው ጓሳውን የሚጠብቀው ገበሬ ሲጠግብ ነው። የጮቄ ጎዳናም መከፈት ያለበት በቅድሚያ ለእርሱ ነው።