ማኅተም መምህር አይሆንም!

ተማሪው ደብዳቤ ተጽፎለት ለተግባር ልምምድ ይላካል። የተላከበት መሥሪያ ቤት «እዚያ ጋ ቁጭ በል» ይለዋል። ወር ሁለት ወር ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ፣ ፋይል ሲያመላልስ ይከርማል። ኢንተርንሺፑ ሲያልቅ የመገምገሚያ ቅጽ ይሞላለታል፤ ክብ ማኅተም ይመታበታል፤ «ኤ» ይዞ ይመለሳል። መምህሩስ? መምህሩማ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ «ምን ተማርክ?» አላለውም። ወይ ጉድ!

ይህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ገመና አይደለም፤ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው። ጉዳቱ የሚብሰው ግን በሩቅ አገር ተማሪ ላይ ነውና ዛሬ ነገሩን ከመካነ ሰላም ሆነን እንየው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ የተተከለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ «አራተኛ ትውልድ» ከሚባሉት አንዱ ነው። ለግብርናና ለተፈጥሮ ሀብት ተማሪ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ከነቀይ ቀበሮው ደጁ ላይ ነው። ፋብሪካ ግን የለም። ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው፤ በደሴ በኩል ወደ 200 ኪሎ ሜትር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። የገበሬ ልጅ በሬ ተሸጦ የቤት ኪራይና የምግብ ተሰጥቶት ሄዶ፣ መሣሪያ ሳይነካ ቢመለስ ዕዳው የማን ነው? ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ የባሰ አለ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ቢተናኮላትስ፣ ቅጹን የሚሞላው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ለማን ትናገር?

አገራችን ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለሙያዎችን መድፍ ሲያሠሩ የአገሩ ወጣቶች ከሥራቸው ሆነው እንዲማሩ አድርገዋል። ንጉሡም ሰው ልከው ብቻ አልተቀመጡም፤ እየሄዱ ሥራውን ያዩ ነበር። ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጎተትም መንገዱን ከሠራዊታቸው ጋር በእጃቸው ጠርገዋል። የመቅደላን ስም የተሸከመ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት»ም ተማሪው ዲግሪ ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኛው በአስተማሪነት፣ ይሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ጉዳዩን የሚከታተል ራሱን የቻለ ቢሮ ነበረው።

«በጀት የለም፤ መንገዱም ሰላም አይደለም» የሚል መልስ ይመጣል። የመንገዱን ነገር አንክድም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን አዳርሷል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ግን መምህሩን ያስፈራ መንገድ ተማሪውን ሲውጠው ዝም ይባላል?

ደግሞስ መላ ጠፍቶ ነው? የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ያለው እዚያው ኮምቦልቻ አይደለም እንዴ! የመካነ ሰላሙ መምህር መሄድ ካልቻለ የኮምቦልቻው ይየው፤ የኮምቦልቻውን ልጅ ደግሞ የመካነ ሰላሙ ይየው። ስልክስ አለ አይደለም? ውሎ አበሉም ለሄደና ላየ ብቻ ይከፈል። ስሙ የሚታወቅ ተቆጣጣሪ መምህር ሳይመደብለት ማንም ተማሪ አይላክ። ውጤቱም በማኅተም ብቻ አይሰጥ፤ ተማሪው ፊት ለፊት ቆሞ የሠራውን ያስረዳ። ችግር የገጠማት ተማሪም ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ የምትደውልለት ሰው ይኑራት።

ነገ ሕንፃው ሲሰነጠቅ፣ ሕመምተኛው ሲጎዳ፣ «ማኅተም ነበረው» ብሎ ማምለጥ የለም። ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከላከው ይከተለው፤ ካልተከተለው አይላከው እንላለን!