ብልጭ ብላ የምትጠፋው መስኮት

እናቴ የታናሽ ወንድሜን የሠርግ ቪዲዮ ማየት አይሰለቻትም። የ13 ዓመቷ ልጄ ታዲያ በአንድ ክሊክ እንዲከፈትላት በፓይተን አጭር ስክሪፕት ጻፈች። ሲነካ ግን ጥቁር መስኮት ብልጭ ብላ ትጠፋለች። «ኮምፒውተሩን አበላሸሽው!» ብዬ ጮኽኩባት። «ተዋት እንጂ፣ ምን አጠፋች?» አለች እናቴ።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ደጋግማችሁ አትንኩት። ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈቱና ስክሪፕቱን ከዚያ አስነሱት፤ መስኮቱ ስለማይዘጋ የስህተቱ መልእክት ይነበባል። ዋናው የመጨረሻው መስመር ነው። የእኛው ፋይሉ አልተገኘም ይላል። ልጄ ቪዲዮውን ስትፈልግ አመሸች፤ እሱ ግን ቦታው ነበር! ያልተገኘው ማጫወቻው ቪኤልሲ ነው። ስሙን ብቻ ጽፋ አድራሻውን አልነገረችውም። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ምልክት አድራሻውን በውስጡ ስለያዘ ሁልጊዜ ይሠራል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኼው ነው።

ከምልክቱ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ሙሉ አድራሻውን ገለበጠች። ከትእምርተ ጥቅሱ በፊትም «አር» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አስቀደመች፤ ያለሷ ፓይተን ወደ ኋላ ያዘነበለውን ሰረዝ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል።

ተከፈተ። እናቴ ሦስቴ አየችው። ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እስካሁን ግን እንዳኮረፈች ናት።