ድመቷ አልባለገችም፤ ሥራ ፈታ ነው



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ቤት ስገባ አባቴ ሰላምታውን እንደጨረሰ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ባዶ ማዳበሪያ አሳየኝና «ነገ ይቺን ድመት በዚህ ከተህ ሩቅ ቦታ ትጥልልኛለህ» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። ክሱን ስሰማ እውነትም ከባድ ነበር። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ቤቱን ከዳር እዳር ትሮጥበታለች። መጋረጃ ላይ ትንጠለጠላለች። እናቴ ሱጁድ ስትወርድ የጅልባቧን ጫፍ ትነክሳለች። አያቴ ዚክር ላይ ስትሆን ተስቢሑን ከእጇ ትነጥቃለች። «ምግብ አላጣች፣ ምን ሆንኩ ብላ ነው?» ትላለች እናቴ።

ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ይቺው ውሮ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ግቢ ባለው ቤት ስንኖር የረባ ድምፅ እንኳ አይሰማላትም ነበር። ቀን አጥር ላይ ወፍ ስትጠብቅ፣ ማታ ማድ ቤት አይጥ ስታደባ ውላ ታድር ነበር። ከዚያ ኮንዶሚኒየም ደረሰንና አራተኛ ፎቅ ወጣን። እሷንም በካርቶን አድርገን ይዘናት ወጣን፤ ምግብና ውኃ አስቀመጥንላት፤ በሩን ዘጋን። አይጥ የለ፣ እንሽላሊት የለ፣ አጥር የለ። ድመቷ ያው ድመት ናት፤ የተለወጠው ቤቱ ነው።

የምማረው ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው። ማሽን ሲንጫጫ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ጎደለው?» ነው እንጂ «የት እንጣለው?» አይደለም። እኛ ግን ለውሮ ይህችን ጥያቄ ነፈግናት።

ልጅ ሆኜ ከዐስር በኋላ መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን ደጋግሞ የሚነግረን አንድ ሐዲስ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድመት ዘግታ በረሃብ ስለገደለች ሴት ነው፤ በዚያችው ድመት ምክንያት እንደተቀጣች ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ብዙዎቻችን ከሐዲሱ የምንይዘው ምግብ መከልከሏን ብቻ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ተጠቅሷል፦ ሴትዮዋ ድመቷን አላበላቻትም፤ ወጥታ ከምድር ተንቀሳቃሾች እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ስለዚህ ድመት አላህ የሰጣት የራሷ የሪዝቅ መንገድ አላት፤ እሱም አደን ነው።

ፈትዋ እየሰጠሁ አይደለም፤ ፈትዋ የዑለማዎቻችን ነው። ምግቧንና ውኃዋን ያሟላ ሰው የዚያችን ሴት ጥፋት አላጠፋም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ በሩን ስንዘጋ የወሰድንባት ሁለት ነገር ነው፤ ምግቧንና ምግቧን የምታገኝበትን ሥራ። ምግቡን በሳህን መለስንላት። ሥራውንስ? «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እያልን እንተርትባታለን። አመሏ ግን ፈጣሪዋ የሰጣት ተፈጥሮዋ ነው። የጅልባቡ ጫፍ ለእሷ የሚንቀሳቀስ አይጥ ነው። ተስቢሑም እንደዚያው።

ሥራውን ለመመለስ ገንዘብ አያስፈልግም። በማግስቱ አባቴን «አባዬ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሰኝ» አልኩትና ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ሰበሰብኩ።

የተጨማደደ ወረቀት አንደኛው ኳሷ ሆነ። የሃይላንድ ክዳን በሴራሚክ ወለል ላይ ጥሩ ይንሸራተታል፤ ሳፋ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሶፋ ሥር አይጠፋም፣ እሷም በእጇ እየመታች ታዞረዋለች። ጓደኛው የጠፋበትን ካልሲ ጨርቅ ሞልቼ አሰርኩት፤ በሁለት እግሯ ይዛ ትታገለዋለች። ካርቶን ሁለት ቦታ ቀድጄ ገልብጬ አስቀመጥኩላት፤ አድፍጣ የምትጠብቅበት ጉድጓድ ሆነላት። የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ትንንሽ የተቀቀለ ሥጋ ከትቼ በላዩ ወረቀት ስጎዘጉዝበት ደግሞ ምግቧን ፈልፍላ ማውጣት ጀመረች። ሥጋው ጨው አልባ ይሁን፤ ከወጥም አይውጣ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ናቸው።

አጨዋወቱም ዘዴ አለው። የጫማ ክር ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራችሁ ስትጎትቱ ፊቷ ላይ አታወዛውዙት። አይጥ ወደ ድመት አይሮጥም። ከእሷ አርቃችሁ ጎትቱት፣ ከወንበር ኋላ ደብቁት፣ አቁሙት፣ እንደገና አንቀሳቅሱት። መጨረሻ ላይ ትያዘው። የሌዘር ነጥብ የማልመክረው ለዚህ ነው፤ የሚያዝ ነገር የለውም፣ ዓይኗንም ይጎዳል። በእጃችሁም አታጫውቷት፤ ዛሬ ጣት መንከስ ከለመደች ነገ የምትቀጡት በራሳችሁ ትምህርት ነው። ሲያበቃ ክሩን፣ ላስቲኩንና ፌስታሉን አንሱ። የተዋጠ ክር አንጀት ይቆርጣል፤ የፌስታል እጀታም አንገት ላይ ይጠመጠማል። የአያቴም ተስቢሕ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ሰዓቱም ያስገርማል። ድመት በተፈጥሮዋ የምትነቃቃው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ማለትም በፈጅርና በመግሪብ አካባቢ። እኔ መግሪብ ከመግባቱ በፊት አስር ደቂቃ፣ ከዒሻ በኋላ አስር ደቂቃ አጫውታትና እራቷን እሰጣት ነበር። አድና፣ ይዛ፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች። በአምስተኛው ቀን የሌሊቱ ሩጫ ቀረ። መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ተወች አልላችሁም። ማዳበሪያው ግን ከበሩ ተነሣ።

ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው «ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ነበር። አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ቲርሚዚ እንደዘገቡት የቤተሰባቸውን በጎች ሲጠብቁ ትንሽ ድመት ነበረቻቸው፤ ማታ ዛፍ ላይ ያስቀምጧታል፣ ቀን ይዘዋት ሄደው ያጫውቷታል። የዚያ ሁሉ ሐዲስ ዘጋቢ እስከ ዛሬ የምንጠራቸው በዚያች ድመት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተኛች ድመት ላለመቀስቀስ ልብሳቸውን ቆረጡ የሚለው በየስልኩ የሚዞረው ታሪክ ግን በታወቁት የሐዲስ ኪታቦች ውስጥ የለም። ሶሒሑ እያለልን ያንን ማሰራጨት አያስፈልገንም።

ሁለተኛው «ሰው በተቸገረበት አገር ስለ ድመት?» የሚል ነው። ካርቶኑና ካልሲው ሊጣሉ የነበሩ ናቸው። የወሰደብኝ በቀን ሃያ ደቂቃ ነው፤ ያንኑ ሃያ ደቂቃ ስልክ ላይ ስጥለው ማንም ስለ ድሃ አንስቶብኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ግቢያችን ልምጣ። በየዓመቱ መጀመሪያ አንዱ ዶርም የድመት ግልገል ያስገባል። ለሳምንት ሁሉም ያቅፋታል። ከዚያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት በር ተቆልፎባት ትውላለች፤ ፋይናል ሲያልቅ ደግሞ አደን ሳትማር በር ላይ ትቀራለች። ወንድሞችና እህቶች፣ ካፌ አካባቢ ያሉት ድመቶች ሥራ አላቸው፤ ውኃ አስቀምጡላቸውና ተዉአቸው። ልትዘጉባት የምትችሉት ቀኑን የሚሞላላት ሰው ካለ ብቻ ነው። ቤታችሁ የተዘጋባት ድመት ካለች ደግሞ በዚህ እረፍት ማታ ማታ አስር ደቂቃ ስጧት፤ ታናናሾቻችሁንም አስተምሯቸው።

ባለፈው ሳምንት ቤት ስደውል እናቴ እየሳቀች «አባትህ የእንቁላል ካርቶን እንዳይጣል ብሏል» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።