ሰዓት ሲቀየር ለስልካችን ማን ይነግረዋል?

አሜሪካ ዘመድ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ይህን ሒሳብ በቃሉ ያውቀዋል። ዋሽንግተን ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በመጋቢት መባቻ ገደማ ሰባት ትሆናለች፤ በጥቅምት መጨረሻ ተመልሳ ስምንት። አውሮፓም ይቀይራል፤ ግን ከአሜሪካ ጋር በአንድ ቀን አይደለም። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት የለንደኑ ወንድምና የዋሽንግተኗ እህት እንኳ እርስ በርስ ይተላለፋሉ። እኛ ካለንበት አልተንቀሳቀስንም። ስልካችን ግን ማንም ሳይነግረው የሁሉንም ሰዓት ያውቃል።

እውነት ማንም ሳይነግረው ነው? አይደለም። ሰው ነግሮት ነው። በየአገሩ ሰዓት መቼ እንደሚቀየር የሚናገር አንድ ሰንጠረዥ አለ። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር የጀመረው ነው። ዛሬ የሚያስተባብረው ፖል ኤገርት ነው። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የኢንተርኔት አድራሻዎችንና ቁጥሮችን የሚመዘግበው አያና የተባለ ድርጅት አስጠግቶታል። አንድሮይድም፣ አይፎንም፣ ሊኑክስም ከዚህ ሰንጠረዥ ይቀዳሉ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች «በአገራችን ሰዓት ሊቀየር ነው» ብለው ይጠቁማሉ፤ ማስረጃው ይመረመራል፤ ከዚያ አዲስ እትም ይወጣል። እትሙ ወደ ስልክና ኮምፒውተር አምራቾች፣ ከእነሱም በማሻሻያ መልክ ወደ እኛ ኪስ ይደርሳል። ይህ መንገድ ቀናት ሳይሆን ወራት ይፈጃል። ለዚህም ነው አዘጋጆቹ መንግሥታትን «ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ካስታወቃችሁ አንዳንድ ሰዓቶች መሳሳታቸው አይቀርም» እያሉ የሚያሳስቡት።

መንግሥታት ይሰማሉ? እንጃ! ሞሮኮ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሰዓቷን ወደ ኋላ ልትመልስ ሁለት ቀን ሲቀራት «ትተነዋል» አለች። ግብፅም በ2016 እንዲሁ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰረዘች። የሊባኖሱ ግን የባሰ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. (ማርች 2023) ሰዓት ሊቀየር ሦስት ቀን ሲቀር መንግሥት «ረመዳን እስኪያልቅ ይቆይ» ብሎ ወሰነ። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሻፈረን ብለው በቀድሞው ዕለት ቀየሩ። አንድ ትንሽ አገር በሁለት ሰዓት አደረ። ገሚሱ ስልክ ዘለለ፣ ገሚሱ ቆመ። መንግሥት በማግስቱ ሰኞ ሐሳቡን አጠፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የሰንጠረዡ አዘጋጆችም ለአንዲት አገር ውሳኔ አንድ እትም አውጥተው፣ ሳምንት ሳይሞላ እሱን የሚሽር ሌላ አወጡ።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ በርካታ እህቶቻችን አሉ። ለብዙዎቹ ከቤተሰብ ጋር የሚያወሩባት ጊዜ ተቆጥራ የተሰጠች ናት። ሰዓቱ ሲምታታ የምትቀረው ያቺ ስልክ ናት። ከጎረቤቶቻችንም ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ ኅዳር 2017 ድረስ ከእኛ ጋር እኩል ነበረች፤ ከዚያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰች። ጎን ለጎን ያሉት መተማና ገላባት በአንድ ሌሊት የአንድ ሰዓት ልዩነት አበጁ። ደቡብ ሱዳንም በ2021 ያንኑ አደረገች።

ነገሩ እዚህ አገር ላይ ሌላም መልክ አለው። ብዙዎቻችን አሮጌ ስልክ ይዘናል። ዳታ እንዳይበላብን ማሻሻያውን እንዘጋለን። ቤሩትም ሆነ ካይሮ ያለ ዘመዳችንም እንዲሁ። ሰዓቱ ሲሳሳት ደግሞ የሁላችን መፍትሔ አንድ ነው፦ በእጅ ማዞር። ይህ ግን ጉዳት አለው። ስልኩ የሚያሳየን ሰዓትና በውስጡ የሚቆጥረው የዓለም ሰዓት ሁለት ናቸው። ሰዓቱን በእጅ ስናዞር የውስጡን እናበላሸዋለን፤ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየሩት የመግቢያ ኮዶች ሳይቀሩ እንቢ ይላሉ። ይልቅ ሰዓቱን ሳይሆን የሰዓት ቀጠናውን እንቀይር። ለጊዜው እኩል ሰዓት ያለውን ሌላ ከተማ መምረጥ በቂ ነው።

ፕሮግራም የሚጽፉ ወዳጆቻችንም አሉን። የእኛ ሰዓት ስለማይቀየር «ሲደመር ሦስት» ብሎ መጻፍ ለምዶባቸዋል። ለአዲስ አበባ ይሠራል። የዋሽንግተንን ተጠቃሚ «ሲቀነስ አምስት» ብለው ሲጽፉት ግን መጋቢት ላይ ቀጠሮው ሁሉ ይዛነፋል። የከተማውን ስም መዝግቡ፤ ቁጥሩን ሰንጠረዡ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ እንምጣ። በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ አዲስ አበባም ታሪክ አላት። በመዝገቡ መሠረት ከተማዋ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ትቀድም ነበር። ወደ ሙሉ ሦስት ሰዓት የተሻገረችው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 ነው ይላል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት! ንጉሠ ነገሥቱ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ተመለሱ፤ ዛሬም የአርበኞችን በዓል እናከብርበታለን። ሰዓቱ ግን ሦስት እንደሆነ ቀረ።

ይህችን መስመር ብዙ ኮምፒውተሮች ዛሬ አይዙአትም። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሰዓታቸው እኩል የሆነ ከተሞች በአንድ ስለሚጠቃለሉ አዲስ አበባ የናይሮቢ ሌላ ስም ሆናለች። አሮጌው ታሪክ ወደ ጓሮ ፋይል ተዛውሯል። ለዕለት ሥራ አይጎዳም። ስለ 1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጠየቀ ሰው ግን የናይሮቢን መልስ ያገኛል።

ሰንጠረዡ ክፍት ነው፤ ማስረጃ ያለው ሁሉ ማረምና ማጽናት ይችላል። የታሪክ ተማሪዎች፣ የዚያን ዘመን «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የምታገላብጡ፣ የምድር ባቡሩን አሮጌ ወረቀት የምታውቁ፣ ይህን ቀን መርምሩት። ትክክል ከሆነ በማስረጃ ይጽና፤ ካልሆነም ይታረም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና።

ለመንግሥታት ያለን ቃል አጭር ነው። ሰዓት መቀየር መብታችሁ ነው፤ ግን ከዓመት በፊት ንገሩ። አንድ ቀን የእኛም መንግሥት ይህን ያሰበ እንደሆነ ከወዲሁ ብለናል።