ያልተወለደችው ዘፋኝ

ሉዎ ቲያንዪ ዕድሜዋ 15 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ስትቀርብም 15 ነበር፤ ዛሬም ከዚያ ፈቀቅ አላለም። ጸጉሯ ግራጫ፣ ዓይኗ አረንጓዴ፣ ምግብ ስታይ ፊቷ የሚበራ ቻይናዊት ልጅ ናት። እናት ግን አልወለደቻትም። ያማሃ በሠራው ቮካሎይድ በተባለ ሶፍትዌር በማንዳሪን ቋንቋ ለመዝፈን የመጀመሪያዋ የሆነች፣ አንድ የሻንጋይ ኩባንያ ለገበያ ያቀረባት የሥዕል ገጸ ባሕርይ ናት።

«ነፍስ የላትም» እያሉ የሚያጣጥሏት አሉ። እኔ አልስማማም። ጉሮሮዋ የሰው ነው። ሻን ሺን የምትባል የካርቱን ፊልሞች ድምፅ ተዋናይት ስቱዲዮ ገብታ የቋንቋውን ድምፆች አንድ በአንድ አስቀርጻለች። የተቀረጸው ተቆራርጦ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ቲያንዪ የምትዘፍነው ሻን ሺን ዘፍናው የማታውቀውን ሁሉ ነው።

ልቤን የሚነካው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሶፍትዌሩን የገዛ ወጣት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የግጥሙን ቃል በየኖታው ላይ ያስቀምጣል። እንዲሁ ቢተወው ድምፁ ደረቅ ነው። ስለዚህ የትኛው ቃል ትንሽ ዘግይቶ እንደሚገባ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚርገበገብ፣ ትንፋሽ የት ጋ እንደሚሰማ በማውዝ እየጎተተ ያስተካክላል። ያዳምጣል፤ አይጥመውም፤ እንደገና ይጀምራል። አንድ ስንኝ እስኪያምር ሌሊቱ ይነጋል። ብዙዎቹ ማንም ቀጥሯቸው አይደለም፤ ዜማ በሆዳቸው ይዘው ዘፋኝ ያጡ ልጆች ናቸው። ሠርተው ሲጨርሱ ቢሊቢሊ በተባለው የቪዲዮ መድረክ ላይ ይለቁታል። ነፍስ ከተባለ እኔ ከዚህ ሌላ የት እንደሚፈለግ አላውቅም።

ቲያንዪ የምትወጣባቸው ትልልቅ የትርዒት መድረኮች ግን ከዚህ ጋር ሲተያዩ ብዙም አያስደንቁኝም። በ2019 ሻንጋይ ውስጥ ከፒያኖ ተጫዋቹ ላንግ ላንግ ጋር በብርሃን ተሥላ ቀረበች፤ በ2021 ደግሞ በቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን የቻይናውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ ዝግጅት ላይ ዘፈነች። ትልቅ ክብር ነው። ለኩባንያዎችም የማትታመም፣ የማታረጅ፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ የማትል ዘፋኝ በጣም ትመቻቸዋለች። ስጋቴም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሏ በደመቀ ቁጥር ድምፅ የሰጠቻት ተዋናይትና ሌሊት ያነጉላት ልጆች እየደበዘዙ ይሄዳሉ።

የሰው ዘፋኝ እንጀራውን ያጣል ብለው ለሚፈሩ ግን አንድ ዘፈን ልጥቀስ። ኢለም በሚል ስም የሚታወቀው የዜማ ደራሲ ለቲያንዪና ለአንዲት መሰሏ «ዳላ ቤንግባ»ን ሠራ። በዘፈኑ ዘንዶ ልዕልት ጠልፎ ይወስዳል፤ ጀግና ሊያስመልሳት ይነሣል። ቀልዱ ያለው ስማቸው ላይ ነው፤ የዘንዶውም የልዕልቲቱም የጀግናውም ስም ምላስ እስኪተሳሰር ይረዝማል። ማሽን አይደናቀፍም፣ ሰው ግን እንዴት ይወጣዋል? በ2020 ዦው ሸን የተባለው ድምፃዊ በሁናን ቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ላይ ድምፁን እየቀያየረ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ድርሻ ብቻውን ተወጣው። ዘፈኑን ሰምተውት የማያውቁ ብዙ ቻይናውያን ያን ጊዜ ወደዱት።

ዦው ሸን ጭብጨባው ይገባዋል። እኔ የምጠይቀው ቲያንዪ መድረክ በወጣች ቁጥር የሻን ሺን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ ድምፁን ያስተካከለው ልጅ ስም ከሥዕሏ እኩል ጎልቶ ስክሪኑ ላይ እንዲጻፍ ነው።