ባሌስትራ በከፍታው ሳይሆን በጭነቱ ይሸጥ

ከሰላ ድንጋይ ገብስ፣ ባቄላና በግ እየጫነ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚያወርድ ነጋዴ ከሁሉ በላይ የሚተማመነው በመኪናው ነው። የሞጃና ወደራ ደጋ ገጠር መንገድ ድንጋይ ይበዛበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ሞተሩ ቢበረታም ባሌስትራው ከደከመ መኪናው ሆዱን እየፈተገ ነው የሚሄደው። ስለዚህም "ከፍ የሚያደርግ ባሌስትራ" የሚፈልገው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም።

ጥያቄው ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ከበድ ያለበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ በሚሠሩ አውቶሞቢሎች ላይ የማስገባት እገዳ መጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ገበያ መር ሲደረግ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ተቀየረ። የእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት አንድ ነው፤ በእጅ ያለው አሮጌ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለበት። የባሌስትራ ገበያ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ገበያ እንዴት ነው የሚገበያየው? ሶማሌ ተራ ወርዶ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል። "ጋሼ፣ ይኼኛው አራት ጣት ያነሣልዎታል፤ ያኛው ግን ሁለት ጣት ብቻ ነው" ይባላል። ገዢውም አራት ጣቱን ይመርጣል። ስንት ኩንታል እንደሚጭን የሚጠይቀው ደላላ የለም፤ ገዢውም በራሱ አንደበት አይናገርም። በእኔ አስተያየት የስሕተቱ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። ባሌስትራ የሚሠራው ጭነት ለመሸከም ነው፤ ከፍታው የሚገኘው በመሸከም አቅሙ ልክ ነው።

እዚህ ላይ ማንም ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ስሌት አለ። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ የባሌስትራ ብረት ጥንካሬው ከውፍረቱ ጋር በሦስት ደረጃ ያድጋል። ባለ 6 ሚሊሜትሩ በባለ 7 ሚሊሜትር ቢተካ ጥንካሬው ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአምስት እኩል ብረቶች ላይ ተመሳሳይ አንድ ቢጨመር ግን ጭማሪው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢ የብረቶቹን ቁጥር ብቻ ቆጥሮ "ይኼ ሰባት ነው፣ ያ አምስት ነው" ማለቱ ያሳስተዋል። ውፍረቱንም ይለካ።

ወደ ርካሹ መንገድ እንምጣ። የመጀመሪያው እርምጃ መግዛት ሳይሆን መለካት ነው። መኪናውን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁሞ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር መለካት፣ ግራውንና ቀኙን ማስተያየት፣ ከዚያም ያልደከመ ተመሳሳይ መኪና ፈልጎ ማነጻጸር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ ባሌስትራው በዕድሜ ብዛት መተኛቱ ነው። እንዲህ ከሆነ በፋብሪካው ልክ የተሠራ ጤነኛ ባሌስትራ ብቻ የጠፋውን ከፍታ ይመልሳል። ከዚያ በላይ ማንሣት ለአብዛኛው ጫኝ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ነው።

ሁለተኛው መንገድ በጤነኛው ባሌስትራ ላይ አንድ ብረት ማስጨመር ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ዘወትር ጭነት ለሚይዝ ሰውም ያዋጣል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ጭኖ ቀሪውን ቀን ባዶውን ለሚነዳ ግን መኪናው እንደ ጋሪ ይነጥራል።

ሦስተኛው የተኛውን ባሌስትራ ማስጎበጥ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀትና በማቀዝቀዝ ሥራ ነው። በጋዝ እሳት አግሎ አጎብጦ ብቻ የሚመልስ ባለሙያ ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ባሌስትራውም ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይተኛል ወይም ይሰበራል። ካጎበጠ በኋላ በሥርዓቱ አጠንክሮ የሚመልስ ቤት ካልሆነ ገንዘቡ የባከነ ነው። የተሰበረውን በብየዳ ማስቀጠል ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

አራተኛው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ብረት ማስገባት፣ አለዚያም ባሌስትራውን ከሻንሲ ጋር የሚያያይዘውን መንጠልጠያ ማስረዘም ነው። ከሁሉ ርካሹ ይህ ነው። ነገር ግን የመሸከም አቅም አንዲት ኪሎ አይጨምርም። መንጠልጠያው በ10 ሳንቲሜትር ቢረዝም መኪናው የሚነሣው በግማሹ፣ በ5 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። በፊት ባሌስትራ ሥር ብረት ማስገባት ደግሞ መሪንና ፍሬንን የሚነካ አደጋ ስለሆነ ማንም ሻጭ ሊያቀርበው አይገባም።

ስለ ፍሬን ከተነሣ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጉዳይ አለ። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ ይገኛል። ይህ ቫልቭ የኋላው አካል ሲወርድ "ጭነት አለ" ብሎ ለኋላ ጎማ ፍሬን ይጨምራል፤ ከፍ ሲል "ባዶ ነው" ብሎ ይቀንሳል። መኪናው በባሌስትራ ከተነሣና ዘንጉ ካልተስተካከለ ቫልቩ ይሳሳታል፤ ሙሉ ጭነት ተጭኖም የኋላው ፍሬን ይሰንፋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ስለዚህ መኪና ሲነሣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ መድረሳቸው፣ ሾክ አብዞርበሩ መርዘሙና ይህ ዘንግ መስተካከሉ አብሮ ይታይ። ይህ ወጪ ከባሌስትራው ዋጋ ጋር ተደምሮ ይታሰብ እንጂ በኋላ አይታወስ።

ያገለገለ ባሌስትራ መግዛት ነውር የለበትም። የመሐሉ ቡሎን በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ አለመኖሩን፣ በብረቶቹ መካከል ዝገት አለመብላቱን፣ የእሳት ምልክት አለመኖሩን ማየትና ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ጉብጠታቸውን ማስተያየት ብቻ ነው። ሞዴሉም ይጠየቅ። 70 በሚባለው የላንድክሩዘር የሥራ መኪና ላይ የፊቱ ባሌስትራ በሞላ የተተካው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ "የላንድክሩዘር የፊት ባሌስትራ" ብሎ ብቻ መገበያየት ለጠብ ይዳርጋል።

ርካሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። አንዱ ጥንድ 20 ሺህ ብር ተገዝቶ አንድ ዓመት ቢያገለግል፣ ሌላው 45 ሺህ ብር ተገዝቶ አራት ዓመት ቢቆይ፣ የመጀመሪያው በዓመት 20 ሺህ፣ ሁለተኛው 11,250 ብር ነው የፈጀው። በዚህ ላይ በየዓመቱ የሚከፈለው የመካኒክ ዋጋና መኪናው ጋራዥ ቆሞ የሚያመልጠው የገበያ ቀን አለ። ርካሹ ውድ፣ ውዱ ርካሽ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ለአስመጪዎቻችንና ለሻጮቻችን የማቀርበው ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንደ ኦልድ ማን ኢሙና ዶቢንሰንስ ያሉት የአውስትራሊያ ምርቶች ለአንድ መኪና በርከት ያሉ ዓይነት ባሌስትራዎች ያቀርባሉ፤ ልዩነታቸውም የሚነገረው መኪናው ዘወትር በሚሸከመው ኪሎ ነው። እኛም ዕቃ ስናዝ በኪሎ እንዘዝ። በሱቁም ላይ የብረቱ ውፍረት፣ ብዛቱና የሚሸከመው ጭነት በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ የጥቂት ወራት ዋስትናም ይጻፍበት። ደላላውም ከሁሉ በፊት "ስንት ኩንታል ይጭናሉ?" ብሎ ይጠይቅ።

"ደንበኛው የሚፈልገው ርካሽ ነው፣ ወረቀት አይደለም" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ርካሽ ይፈልጋል። ነገር ግን በስድስት ወር የተኛበትን ባሌስትራ የሸጠለትን ሱቅ ስም ሰላ ድንጋይ ደርሶ ያወራዋል። የአገር ሰው አንድ ጊዜ ከተታለለ ጎረቤቱንም ይዞ ነው የሚቀረው። በጭነት ልክ የሸጠ ነጋዴ ደንበኛውን ከነጎረቤቱ ያተርፋል፤ አሮጌው ባሌስትራም በጊዜው ወደ ብረት ቀጥቃጭ ሄዶ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል።